በቆላ አገር የምንኖርባትን ክፍል ስለ ማሰናዳት

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ አብልጦ የሚወዳትን አንዲት ክፍል እንደ ጠባዩና እንደ አሳቡ አድርጎ እንዴት ሊያሰናዳት ይችላል የሚል ነው። «የቢሮው ሥራ፣ የልጆች ትምህርት፣ የገበያው ውድነት እያለ ስለ መጋረጃና ስለ ምንጣፍ መናገር ምን ይባላል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮው ሲወጣ የሚገባው ወደዚያችው ክፍል ነው። የደከመ አሳቡን የሚያሳርፈው፣ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚጫወተው፣ ለነገው ሥራ ኃይል የሚሰበስበው በዚያችው ነው። ስለዚህ ነገሩ የጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕድሜ አያያዝ ጭምር መሆኑን ወደ ፊት እናየዋለን።

ነገራችን በደፈናው እንዳይቀር አንድ ሥፍራ እንምረጥ። የአዋሽን ወንዝ ተከትለን እንውረድ። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስንጓዝ አዋሽ ሰባት ኪሎን እናገኛለን፤ ከዚያም መንገዱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘን በገዋኔና በሚሌ በኩል ስንወርድ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ከሆነችው ከሰመራ እንደርሳለን። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ከደጋ አገር በምደባና በዝውውር የሄዱ ብዙ ሠራተኞች ይኖራሉ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ መሐንዲሱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሁሉ የኪራይ ክፍል ይዘው፣ ልባቸውን ግን በመጡበት አገር ትተው ይሠራሉ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ተልኬ በሰመራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለ ኖርሁ፣ የምነግርዎ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ብቻ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ክፍሌን ምንም አለማድረጌ ነበር። ሰመራ እንደ ደረስሁ አንዲት የብሎኬት ክፍል ተከራየሁና ፍራሼን በወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ሸሚዞቼን የምሰቅልባቸው ሦስት ምስማሮች በግድግዳው ላይ መታሁ፤ መጻሕፍቴን የያዘውን ካርቶን ግን ሳልፈታው በማዕዘን አስቀመጥሁት። «ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ነገ እዛወራለሁ» አልሁ። እንዲህ እያልሁ ስምንት ወር አለፈ። በዚህ መካከል ባለቤቴ ሕፃኑን ልጃችንን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አንድ ወር ልትቀመጥ አስባ ነበር፤ ነገር ግን የምትቀመጥበት ወንበር አልነበረም፤ ሕፃኑ የሚተኛበትም ደኅና ሥፍራ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጓዟን ስታስር፣ «ይህ እኮ መናኸሪያ እንጂ ቤት አይደለም፤ እኛስ ምኑ ላይ እንቀመጥ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። በነገሩ ስለ ተቈጨሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አበባ ስገባ ከማኅበር ገንዘብ ተበድሬ ቀይ የከፋይ መጋረጃ፣ ወፍራም ምንጣፍና ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ገዝቼ በጭነት መኪና አስጫንሁ። አሳቤ የእናቴን ሳሎን በሰመራ መትከል ነበር። ዕቃው ከገባ በኋላ ክፍሏ በዓይን ስትታይ አማረች፤ ነገር ግን በውስጧ መቀመጥ አልተቻለም። መጋረጃው ነፋሱን ከለከለ፤ ምንጣፉ አቧራውን ሁሉ ሰበሰበ፤ የሶፋው ልብስ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ከሥራ መልስ ያንን ያማረ ክፍል ቈልፌ በደጅ በድንጋይ ላይ እቀመጥ ጀመር።

የቤቱ ባለቤት አንዲት በዕድሜ የገፉ የአፋር እናት ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ወተት ይዘውልኝ መጡና በበሩ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። እኔም «ይግቡ እንጂ፣ እማማ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን አልገቡም። በተማሩት ጥቂት አማርኛ፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የእርስዎ ነው እንጂ፤ እኔ ተከራይ ነኝ» አልሁ። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ግድግዳው የእኔ ነው። ዕቃውን ነው የምጠይቅህ። ያንተ ቢሆን ኖሮ አንተ ደጅ አትቀመጥም ነበር» አሉኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ንግግር ትርጉም ያስተዋልሁት ውዬ አድሬ ነው። እኒህ እናት ሦስት የብሎኬት ክፍሎች አሠርተው ያከራዩ ነበር። ራሳቸው ግን የሚኖሩት በዚያው ግቢ ውስጥ በተተከለች በአንዲት የሰሌን ጎጆ ነበር። ይህች ጎጆ የአፋር አርብቶ አደር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖርባት፣ ዳቦይታ ተብላ የምትጠራው ናት። የጎበጡ እንጨቶች እየታሰሩ እንደ ቅስት ይቆማሉ፤ በላያቸውም ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ይለብሳል። ሰሌኑን የሚሠሩት፣ ጎጆዋንም የሚተክሉትና የሚነቅሉት ሴቶች ናቸው። ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሄድ ቤቱ ተፈቶ በግመል ይጫናል፤ በሚደረስበትም ሥፍራ እንደገና ይቆማል።

በዚያው ዓመት እማማ አራተኛ ክፍል ለማሠራት ስላሰቡ ጎጆዋን ወደ ሌላው የግቢው ማዕዘን ማዛወር ግድ ሆነ። ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበር ሥራውን ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። እርሳቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው በማለዳ ጀምረው ፈቱት፤ ቀትር ሳይሆን በአዲሱ ሥፍራ ቆመ። ወደ ውስጥ ስመለከት አልጋው ከቀድሞው ሥፍራው ነበር፤ የወተቱ ዕቃ ከነመስቀያው፣ በቀለም በተነከረ ቅጠል የተጌጠው ሰሌንም ከአልጋው ራስጌ እንደ ነበረ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ይነሣ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያነሣ ሕዝብ ባረፈበት ሥፍራ ሁሉ ቤቱን አሟልቶ ያቆማል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ሥፍራ ተቀምጬ ስምንት ወር ሙሉ ካርቶኔን አልፈታሁም።

እንግዲህ ስለ ክፍል አሰነዳድ ከዚህ የምናገኘው ምክር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ክፍሏ ለሥፍራው የምትስማማ ትሁን። ሁለተኛው፣ ክፍሏ የነዋሪውን ሰው ማንነት ትንገር። ሁለቱን በየተራ እንመልከት።

ሥፍራውን በሚመለከት በመጀመሪያ የሙቀቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቈረቈረች ናት። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ ከ450 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ አላቸው። አየሩ በየ1,000 ሜትር ዝቅታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታ ልዩነት ብቻ ሰመራ ከአዲስ አበባ 12 ዲግሪ ያህል ትበልጣለች ማለት ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። በዚያው ክልል በሰሜን በኩል ባለችው በዳሎል፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልክ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በዓለም ሰው ከኖረባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ አገር የአዲስ አበባን ሳሎን መትከል በክረምት ካፖርት ፈንታ በሐሩር ካፖርት እንደ መልበስ ነው።

እማማ የብሎኬቱን ክፍል አከራይተው በሰሌኑ ጎጆ የሚያድሩበት ምክንያትም በትምህርት የሚረጋገጥ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ ቀን ሙሉ የፀሐይን ሙቀት ይጠጣል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ የጠጣውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ውስጥ ይመልሳል። ስለዚህ በሌሊት ከደጁ ይልቅ ክፍሉ ይሞቃል። ሰሌን ግን ቀጭንና ቀላል ስለሆነ የሚያጠራቅመው ሙቀት የለውም፤ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ይቀዘቅዛል፤ በሽሩባው መካከልም ነፋስ ያልፋል። ይህን ያወቀ ሰው የብሎኬት ክፍሉን ባያፈርሰውም ጠባዩን አውቆ ሊገራው ይችላል።

የመጀመሪያው ዘዴ ጥላ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ መስተዋት ካለፈች በኋላ በውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ብርሃኑን ቢከለክል እንኳ ሙቀቱ አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ ጥላውን ከደጅ በኩል ማድረግ ይሻላል። ከመስኮቱ ውጭ፣ ይልቁንም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትመታው በምዕራቡ በኩል፣ ተጠቅልሎ የሚወጣና የሚወርድ ሰሌን መስቀል ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ሰሌኑም ከሰመራና ከጎረቤቷ ከሎግያ ገበያ ይገኛል። አልጋውንም ከምዕራቡ ግድግዳ ማራቅ ነው፤ ያ ግድግዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋልና።

ስለ ጥላ ከተነሣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የምታስተምረን ነገር አላት። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ባቡሩ በዚያ ዘመን በቀን ብቻ ይጓዝ ስለ ነበር፣ ከጂቡቲ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነበር። ከሁለቱ ሌሊት አንዱን በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ለዚህም መንገደኛ ማረፊያ የሆነው፣ ቡፌ ዳዋሽ ተብሎ የሚታወቀው ቤት፣ በበረንዳውና በአበባ ሐረጉ ጥላ ይታወቃል። ዛሬ የጅቡቲው መንገድ በሌላ ሐዲድ ላይ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። እርስዎ ግን ይህን ልብ ይበሉ፤ ያ ሁሉ በረንዳና ጥላ የተሰናዳው አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ለሚሄድ ሰው ነው። ለአንድ ሌሊት እንግዳ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ሦስት ዓመትና አራት ዓመት ለሚቀመጥ ሠራተኛ አንድ ሰሌን መስቀል እንዴት ይበዛል?

ሁለተኛው ዘዴ ነፋስ ነው። መስኮትና በር በትይዩ ከሆኑ በመካከላቸው ምንም ከፍ ያለ ዕቃ አይቁም። ሌሊትና ንጋት ላይ ሁሉንም መክፈት፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ዘግቶ ማጨለም ይገባል። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። መጋረጃው ስስ ነጭ ሻሽ ወይም ጥጥ ይሁን፤ ነፋስ ሲመጣ ይነሣል፤ ሲቈሽሽም በቀላሉ ይታጠባል። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሚያደርገው ላባችንን ማድረቅ ነው፤ ላቡም ሲደርቅ ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። በዚሁ ሕግ የሸክላ ገንቦ ውሃ በደረቅ አገር ይቀዘቅዛል፤ በሸክላው የሚሰርገው ጥቂት ውሃ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይወስዳልና። አንድ መልካም ገንቦ ነፋስ በሚያገኘው ማዕዘን ከነማስቀመጫው ቢቆም፣ የሚጠጣም ነው፣ የሚታይም ጌጥ ነው።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ግድግዳው በነጭ ኖራ ወይም በሌላ ፈካ ባለ ቀለም ቢቀባ ክፍሉ በጥቂት ብርሃን ይበራል፤ የውጭውም ግድግዳ ነጭ ቢሆን ፀሐዩን ይመልሳል። ደማቅ ቀለም የወደደ ሰው ከግድግዳው ይልቅ በትራሱ ልብስ፣ በአልጋው ዳርና በሰሌኑ ላይ ቢያደርገው ክፍሉን ሳያጨልም ደስታውን ያገኛል።

አራተኛው አጎበር ነው። በአዋሽ ሸለቆ የወባ ትንኝ አለች። ብዙ ሰው ግን አጎበሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቈጥሮ፣ ማታ በችኮላ በምስማርና በገመድ አጣምሞ ያስረዋል፤ ጠዋትም ከአልጋው ሥር ይወረውረዋል። በጣሪያው ላይ አንድ ጠንካራ መንጠቆ አድርጎ አጎበሩን በክብ ማሰሪያ ቢሰቅሉት፣ ቀን ቀን ተጠቅልሎ በአንድ ነጭ መቀነት ቢታሰር፣ በክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያምረው እርሱ ይሆናል። ያማረውንም ነገር ሰው ሳይሰለች ይጠቀምበታል።

አምስተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የአፋር ምድር ሦስት የምድር ንጣፎች፣ ማለት የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዐረብ ንጣፎች፣ እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት ሥፍራ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ቤቶችን ሰነጣጥቋል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከመኖሪያው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ተወስዷል። ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚኖር ሰው ከባድ ባለ መስተዋት ሥዕል ወይም መደርደሪያ ከአልጋው ራስጌ አይስቀል። ረዥም የመጻሕፍት ሣጥን ቢኖረው ከግድግዳው ጋር በብረት ያሥረው፤ ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ያድርግ። ከራስጌ የሚሰቀል ጌጥ ሰሌን፣ ጥልፍ ወይም ስፌት ቢሆን ቢወድቅም አይጎዳም። እማማ ከራስጌያቸው የሰቀሉትም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክር፣ የሰው ማንነት ወደሚታይበት ነገር እንለፍ። ብዙዎቻችን «ክፍሌን ላስጌጥ» ስንል የምናስበው በሌላ ሰው ቤት ያየነውን ነው። ትልቅ ሶፋ፣ ባለ መስተዋት ቡፌ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከገበያ የተገዛ የማናውቀው አገር ፏፏቴ ሥዕል እናመጣለን። ይህ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን ስለ ባለቤቱ የሚነግረን ነገር የለም። ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ሄደን የሐረርን የጥንት ቤት ብንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዋናው ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ እያንዳንዱም መደብ እንደ ማዕረጉ የሚቀመጥበት ሰው አለው። በግድግዳው የተደረደሩት ስፌቶች የቤቱ ሴቶች እጅ ሥራ ናቸው። ወደዚያ ክፍል የገባ እንግዳ ማንም ሳይነግረው የቤቱን ሥርዓትና የቤቱን እጅ ያውቃል። የዳቦይታውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የተሰቀለው የወተት ዕቃ ሕዝቡ በምን እንደሚኖር ይናገራል።

እንግዲህ እርስዎ ራስዎን ይጠይቁ። ከሥራ መልስ በእውነት የሚያደርጉት ምንድን ነው? የሚያነቡ ከሆነ የክፍልዎ ልብ ወንበርና መብራት ነው፤ መብራቱም ከጀርባ በግራ በኩል ይሁን። ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት የሚወዱ ከሆነ፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ዝቅተኛ መቀመጫና የረከቦቱ ሥፍራ ይቅደም። የሚጸልዩ ከሆነ ንጹሕና ጸጥ ያለ ማዕዘን ይለዩ። ክፍሏ አንዲት ብቻ ብትሆንም አንዱን ማዕዘን መርጦ ለሚወዱት ሥራ መስጠት ይቻላል። ከዚያም ከቤተ ሰብዎ የመጣ አንድ ነገር፣ ከሚሠሩበትም አገር የተገኘ አንድ ነገር ጎን ለጎን ያኑሩ። እኔ የአባቴን አሮጌ ሬዲዮና ከአፋር የጨው ሜዳ የመጣ አንድ አሞሌ ጨው በአንድ መደርደሪያ ላይ አኖርሁ። አሞሌ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለ መሆኑን ለሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ እየነገርሁ ብዙ ምሽት በጨዋታ አሳልፌያለሁ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ በመሆኑ የሳላ ቀንድ ወይም የአውሬ ቆዳ ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ይገኛል። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሕግ አስከባሪ በሆነው በመንግሥት ሠራተኛ ቤት መገኘቱም ይበልጥ ያሳፍራል። የአገሬውንም ሰው የክብር ዕቃ ትርጉሙን ሳያውቁ ገዝቶ በግድግዳ መስቀል ደግ አይደለም። አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ነው፤ መጠየቁም ለጎረቤት ፍቅር መጀመሪያ ይሆናል።

«በኪራይ ቤት ይህን ሁሉ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ከነገርኋችሁ ውስጥ ከኖራው በቀር በቤቱ ላይ የሚቀር ምንም ነገር የለም። ሰሌኑ ይጠቀለላል፤ መጋረጃው ይታጠፋል፤ አጎበሩ፣ ገንቦው፣ መደርደሪያው ሁሉ ተጭኖ ይሄዳል። ይህንንም ጥበብ ያስተማረን የግመሉ ጭነት ነው።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ሶፋውንና ከፋዩን በኪሣራ ሸጥሁና ዕዳዬን ከፈልሁ። ከቀረው ጥቂት ገንዘብ ሰሌን ገዛሁ፤ ግድግዳውን በኖራ ቀባሁ፤ ካርቶኑንም ፈታሁ። ካርቶኑን ስፈታ ከመጻሕፍቱ ግማሹን ምስጥ በልቶት አገኘሁ። «ዛሬ ነገ» ማለቴ ያስከፈለኝን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። የቀሩትን መጻሕፍት በጡብ በተነሣ መደርደሪያ ላይ ደረደርኋቸው።

በኅዳር ወር፣ ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ተመልሳ መጣች። በበሩ ላይ ጥቂት ቆማ ዙሪያውን ተመለከተችና «ቤት ለእምቦሳ!» አለች። እኔም እየሳቅሁ «እምቦሳ እሰሩ!» አልሁ። እንደሚታወቀው ይህ ምርቃት የሚባለው አዲስ ቤት ለገባ ሰው ነው፤ እኔ ግን በዚያች ክፍል ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነኝ ነበር። ሁለት ወር ተቀመጡ። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃውን የረገጠው በዚያ ሰሌን ላይ ነው። እማማም አንድ ማታ ወተት ይዘው መጡ፤ በዚያን ቀን ግን በበሩ አልቆሙም። ገብተው ከሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ የማን ቤት እንደሆነም አልጠየቁኝም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ 30 ዓመት የሚያገለግል ሠራተኛ በየ3 ዓመቱ ቢዛወር በ10 ክፍሎች ይኖራል። ዐሥሩንም «ለጊዜው ነው» ብሎ ቢያልፋቸው፣ ለጊዜው የሆነው ክፍሉ ሳይሆን ዕድሜው ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ በማዕዘን የተቀመጠ ያልተፈታ ካርቶን ቢኖር፣ እባክዎን በእርሱ ይጀምሩ።

ደኅና ይሰንብቱ።